ስልክ ዝም ሲል



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ስልክ ድምፅ ነው። እኛ ለማስተማር የመጣን ተማሪዎች በየመንደሩ ያየነው ነገር አለ። ስልክ አልጠራ ሲል ብዙ ሰው «ተበላሸ» ብሎ ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። አንዳንዱም ሥራ ፈትቶ ከጋሳይ ደብረ ታቦር ድረስ ይሄዳል፤ ለማሠሪያም ገንዘብ ያወጣል። ስልኩ ግን ደኅና ሆኖ፣ ድምፁ ብቻ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የግብርና ባለሙያው «ስንዴ ላይ ዋግ ታየ» ብሎ ቢደውልና ስልኩ ባይጠራ፣ በሽታው ይቀድመናል። በ2006 ዓ.ም. ለገበሬዎች የተከፈተው የ8028 መሥመርም ምክር የሚሰጠው በድምፅ ነበር። ገበሬው በነፃ ይደውላል፤ የተቀዳው ድምፅ በአማርኛ ይጠይቀዋል፤ እሱም ቁጥር ተጭኖ ይመልሳል። ታዲያ ጥያቄው ካልተሰማው የትኛውን ቁጥር ይጫናል?

ማረሻ አልቆርጥ ሲል በሬ አይሸጥም። ወገሉ ላልቶ እንደሆነ፣ ድግሩ ተሰብሮ እንደሆነ አንድ በአንድ ይታያል። ስልክም እንደዚሁ ነው።

አንደኛ፣ የኔትዎርኩን ምልክት እንይ። ከላይ ያሉት ትናንሽ ዘንጎች ከጠፉ ችግሩ የድምፅ አይደለም። ተራራ ከልሎን ይሆናልና ወደ ጉብታ ወጣ ብለን እንሞክር።

ሁለተኛ፣ ደወሉ ተዘግቶ እንደሆነ እንይ። የተሠረዘ ደወል ምልክት ካለ ተዘግቷል ማለት ነው። በብዙ ባለቁልፍ ስልኮች ከታች በስተቀኝ ያለውን፣ መሰላል የመሰለውን ቁልፍ ረዘም አድርጎ መጫን ደወሉን ይዘጋል፤ ይከፍታልም። ኪስ ውስጥ ሳናውቀው ይጫናል። በአማርኛ በሚሠራ ስልክ ደግሞ «ድምፅ» የሚለውን ቃል ፈልገን ማንበብ ነው።

ሦስተኛ፣ የደወል ድምፅና የንግግር ድምፅ ይለያያሉ። ደወሉ እየጮኸ የሰው ድምፅ ከራቀብን፣ እየተነጋገርን ሳለ የድምፅ መጨመሪያውን እንጫን።

አራተኛ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሳይሰካ የማዳመጫ ምልክት ከታየ፣ ስልኩ ድምፁን ወደሌለ ማዳመጫ እየላከ ነው። ማዳመጫ ሰክተን መልሰን እንንቀለው።

አምስተኛ፣ ጆሯችንን የምናስጠጋባት ቀዳዳ በአቧራ ትደፈናለች። በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ እንጥረጋት። መርፌ አናስገባ፤ ውሃም አናስነካ።

አንዱን ከነካን በኋላ ከጎረቤት ስልክ አስደውለን እንሞክር፤ ከዚያ ወደ ሌላው እንለፍ። ሁሉንም ባንዴ ከነካካን የትኛው እንዳዳነው አናውቅም፤ በሌላ ጊዜም እንቸገራለን።

ይሄ ሁሉ ካልሆነ ወደ ጠጋኙ እንውሰደው። ያኔም ዝም ብለን አንሰጠው። «ይህንን ሞክረናል፣ ይህንንም ሞክረናል» እንበለው። ያልተሰበረውን ለመጠገን ገንዘብ አንከፍልም።

እስከ ዛሬ ስልክ ዝም ሲል ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመጣ ይጠበቅ ነበር። አሁን ግን ፊደል ቆጥረናል። ምልክቱን ማየት፣ ቃሉንም ማንበብ የኛ ነው።