መውጣትና መመለስ
የጋብቻ መኖሪያ ፈቃድ በሚጠበቅበት ጊዜ ስለሚደረግ ጉዞ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



አሜሪካ ገብቶ ከዜጋ ጋር ትዳር የመሠረተ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ከጠየቀበት ቀን ጀምሮ ፈቃዱ በእጁ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ፣ ከውጭ ለሚመለከተው የዕረፍት ጊዜ ይመስላል። ሰውየው ቤት ይከራያል፤ የሥራ ፈቃድ ያገኛል፤ ልጅ ይወልዳል። ነገር ግን ከአገር ቤት ስልክ የተደወለ ዕለት፣ እናት ጠናባት ወይም አባት ዐረፈ የተባለ ዕለት፣ የቆመበት መሬት ምን ያህል ስስ እንደ ሆነ ይገለጣል። በዚያች ሰዓት «መውጣት ይቻላል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው ቀጥተኛ መልስ «አዎን» የሚል ነው፤ የመውጫው በር ክፍት ነውና። ስሕተቱ ያለው በጥያቄው ላይ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው «በምን መብት መመለስ ይቻላል?» ተብሎ ነበር። የዚህ ንግግር ዓላማም እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለይቶ ማሳየትና በመካከላቸው የተርጓሚው ኀላፊነት ምን እንደ ሆነ መግለጽ ነው።

በቅድሚያ ስለ ሕጉ አመጣጥ ጥቂት ማንሣት ይገባል። ለአጭር ጊዜ ወደ አሜሪካ ገብቶ በዚያው ነዋሪ ለመሆን የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1952 በፊት የነዋሪነት ቪዛውን ለመቀበል ከአገሪቱ መውጣት ነበረበት። ከ1935 ጀምሮ ብዙዎች ጉዳያቸው አስቀድሞ በአሜሪካ ውስጥ ከተመረመረ በኋላ ወደ ካናዳ እየተሻገሩ፣ በዚያ ካለው የአሜሪካ ቆንስላ ቪዛ ተቀብለው ይመለሱ ነበር። በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ግን በ245ኛው አንቀጽ፣ ከአገር ሳይወጡ የነዋሪነትን መብት የሚያገኙበትን መንገድ ከፈተ። እንግዲህ ቀድሞ ነዋሪ ለመሆን መውጣት ግዴታ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ሳይፈቀድ መውጣት የተጀመረውን ጉዳይ ያፈርሰዋል።

ደንቡ በአጭሩ እንዲህ ነው። በቅጽ አይ-485 ያመለከተ ሰው ማመልከቻው ሳይወሰን፣ በቅድሚያም «አድቫንስ ፓሮል» የተባለው ፈቃድ ሳይሰጠው ከአገር ቢወጣ፣ ማመልከቻውን እንደ ተወው ይቈጠራል። ሕጉ «ተከለከለ» አይልም፤ «ተወው» ይላል። በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት ለተርጓሚ ቀላል ነገር አይደለም። የተከለከለ ሰው በሌላ እጅ የተፈረደበት ነው፤ የተወ ሰው ግን በገዛ እግሩ ሄዶ የፈረደ ነው። የጉዞው ርዝመትም ለውጥ አያመጣም። ለሦስት ወር ወደ አዲስ አበባ የሄደና ለአንድ ቀን ወደ ካናዳ የተሻገረ በደንቡ ፊት እኩል ናቸው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ጥያቄን ከፈቃድ ጋር ማምታታት ነው። ፈቃዱ የሚጠየቀው በቅጽ አይ-131 ሲሆን፣ ቅጹ መድረሱን የሚያስታውቀው ደብዳቤ ፈቃድ አይደለም። ያንን ደብዳቤ ይዞ አይሮፕላን የተሳፈረ ሰው ምንም ሳይዝ እንደ ወጣ ይቈጠራል። «ተጠይቋል» እና «ተፈቅዷል» የሚሉትን ቃላት አጥርቶ መለየት፣ በዚህ ሥራ ላይ ትዳርን እስከ ማዳን የሚደርስ አገልግሎት ነው። ከዚህ ደንብ ነጻ የሆኑ ጥቂቶች አሉ፤ ከእነዚህም ዋነኞቹ ኤች-1ቢ ወይም ኤል-1 በተባለው የሥራ ቪዛ የሚኖሩና መብታቸው ያልተቋረጠ ሠራተኞች ናቸው። በእጮኛ ቪዛ ገብቶ በ90 ቀን ውስጥ የተጋባ ሰው ግን ነጻ አይደለም፤ ያ ቪዛ የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ነው።

ስለ ፈቃዱ ስያሜም መናገር ያስፈልጋል። በተለምዶ «የጉዞ ፈቃድ» እየተባለ ይተረጐማል። ይህን ስም የሰማ ሰው ወረቀቱ መሄድንም መመለስንም የሚያረጋግጥ ይመስለዋል። «ፓሮል» ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መሠረቱ «ቃል» ማለት ነው። በኢሚግሬሽን ሕግ ውስጥ የሚያመለክተው ግን በአካል ወደ አገር የገባ፣ በሕግ ዓይን ግን ገና በበሩ ላይ እንደ ቆመ የሚታሰብ ሰው ያለበትን ሁኔታ ነው። ወረቀቱን የያዘ ተጓዥ ተመልሶ አይሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ፣ መግባቱን የሚወስነው በዚያ ያለው መርማሪ ነው። ስለዚህ «ተመልሶ በበሩ ለመቅረብ በቅድሚያ የሚሰጥ ፈቃድ» ብሎ መተርጐም ቢረዝምም ከእውነቱ ይቀርባል። አጭር ስም ያማረ ቢሆንም፣ ሰሚውን ካሳሳተ ትርጉም ሊባል አይገባውም።

የአደጋው ክብደት ሙሉ ሆኖ የሚታየው ሕጉ ከሌሎች ሕጎች ጋር ሲገናኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ፣ ያለ ፈቃድ ከ180 ቀን በላይ ከ1 ዓመት ያነሰ ጊዜ ኖሮ የወጣን ሰው ለ3 ዓመት፣ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ኖሮ የወጣን ደግሞ ለ10 ዓመት እንዳይመለስ ያግዳል። ለምሳሌ አንዲት ሴት የጎብኚ ቪዛ ይዛ ገብታ፣ የመቈያ ቀኗ ካለፈ ከ2 ዓመት በኋላ የአሜሪካ ዜጋ አግብታ አመለከተች እንበል። በሕጋዊ መንገድ የገባችና የዜጋ ሚስት በመሆኗ፣ ያሳለፈችው ጊዜ በአገር ውስጥ እስካለች ድረስ የነዋሪነት ፈቃድ ከማግኘት አያግዳትም። ሳይፈቀድላት ከወጣች ግን በአንድ ቀን ሁለት ነገር ይደርስባታል፤ ማመልከቻዋ እንደ ተተወ ይቈጠራል፤ ተኝቶ የነበረውም የ10 ዓመት እገዳ ይነሣባታል። እገዳውን ለማስነሣት መንገድ ቢኖርም፣ ባልዋ ወይም ሕጉ የሚያውቃቸው ወላጆቿ ከባድ ችግር ላይ እንደሚወድቁ ማስረዳትን ይጠይቃል። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚው ቦርድ በ2012 በሰጠው ውሳኔ፣ ፈቃዱን አስቀድሞ ይዞ የወጣ አመልካች ይህን የ10 ዓመት እገዳ የሚያስነሣ «መውጣት» እንዳልወጣ አስታውቋል። አንዲት ወረቀት በእጅ መኖሯና አለመኖሯ የ10 ዓመት ልዩነት አላት ማለት ነው። ከአገር እንዲወጣ የመጨረሻ ትእዛዝ የተላለፈበት ሰው ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ ሲወጣ ትእዛዙን ራሱ እንደ ፈጸመ ይቈጠራል።

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ሌላ ጉዳይ አለ። ከጋብቻው በፊት ጥገኝነት ጠይቆ የነበረ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው አድቫንስ ፓሮል ተሰጥቶት እንኳ፣ «ያሳድደኛል» ብሎ ወደ ከሰሰው አገር ቢመለስ፣ አስገዳጅ ምክንያት ካላስረዳ በቀር የጥገኝነት ማመልከቻውን እንደ ተወ ይገመታል። ስለዚህ «ወረቀቱ አለኝ» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም፤ «ወዴት ነው የሚሄዱት?» የሚለውም ጥያቄ መከተል አለበት።

እዚህ ላይ የሕጉ ጊዜና የኀዘኑ ጊዜ ይጋጫሉ። ሕጉ ፈቃዱ በቅድሚያ እንዲገኝ ያዛል። በኢትዮጵያ ልማድ ግን በባዕድ አገር ያለ ልጅ እንዳይጨነቅ ሲባል የወላጅ ሕመም ይደበቃል፤ ሞትም ቢሆን ሽማግሌዎች ተሰብስበው መርዶ እስኪያረዱ ድረስ ይሰወራል። ቀብሩ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይፈጸማል። ከርኅራኄ የመነጨው ይህ ዝምታ ልጁ ፈቃድ የሚጠይቅበትን ጊዜ ይበላበታል። የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ለአስቸኳይ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ለቅርብ ዘመድ ሕመምና ሞት፣ በአካባቢው ጽሕፈት ቤት ማስረጃ ተመልክቶ በአጭር ጊዜ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። ሆኖም የሐኪም ወረቀቱ መሰብሰብና መተርጐም፣ ቀጠሮውም መገኘት አለበት። ስለዚህ ቀብር ላይ መድረስ የሚሆንላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ለአርባው ወይም ለሙት ዓመቱ መድረስ ግን ብዙ ጊዜ ይቻላል። ይህን ለኀዘንተኛው በትሕትና መንገር፣ ዛሬውኑ ካልሄድሁ ብሎ ትዳሩንና ኑሮውን ከሚያጣ ያድነዋል።

ከሁሉም የሚሻለው መድኃኒት ግን ፈቃዱን የነዋሪነት ማመልከቻው ሲገባ አብሮ መጠየቅ ነው። ማንም ሳይታመም፣ ማንም ሳይሞት የተጠየቀ ፈቃድ በክፉ ቀን ተዘጋጅቶ ይገኛል። ቤተ ሰብም ሕመም ሲኖር ሳይደብቅ ቶሎ እንዲናገር አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ፈቃድ የያዘም ቢሆን፣ ለአሻራ ወይም ለቃለ መጠይቅ የተቀጠረበትን ቀን ካሳለፈ ማመልከቻው እንደ ተተወ ሊቈጠርበት ይችላል። ፓስፖርቱም ለመመለሻው ጭምር የሚበቃ ጊዜ ሊኖረው ይገባል፤ በመጠበቅ ላይ ያለ ሰው ገና የኢትዮጵያ ዜጋ ነውና።

የትዳር ጓደኛውን በአገር ቤት ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ሁኔታ የተለየ ነው። ጉዳዩ የሚታየው በአሜሪካ ኤምባሲ ስለ ሆነ፣ ወደ ናይሮቢም ሆነ ወደ ዱባይ ቢሄድ ማመልከቻው አይቀርበትም። ይሁን እንጂ ከ16 ዓመት ዕድሜው በኋላ 12 ወርና ከዚያ በላይ ከኖረበት አገር የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። በዐረብ አገሮች ሠርታ የተመለሰች ሴት ይህን ማስረጃ ከዚያ ሳትወጣ ብትይዘው ብዙ ድካም ይቀርላታል።

ካርዱ ከተገኘም በኋላ ነገሩ ፈጽሞ አያበቃም። በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ነዋሪነቱ ሲሰጥ ጋብቻው 2 ዓመት ያልሞላው ከሆነ ካርዱ ለ2 ዓመት ብቻ የሚያገለግልና ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነው። ባልና ሚስቱም ጊዜው ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ሁኔታው እንዲነሣ አብረው ማመልከት አለባቸው። ነዋሪ የሆነ ሰው በዚህ ጊዜ ሊጓዝ ይችላል፤ ነገር ግን ከ1 ዓመት በላይ ለመቈየት ካሰበ፣ ገና በአሜሪካ ሳለ የመመለሻ ሰነድ መጠየቅ ይገባዋል።

ከዚህም ሁሉ በላይ የፖለቲካ ውሳኔ አለ። በጃንዋሪ 2017 የ7 አገሮችን ዜጎች የሚያግድ ትእዛዝ ሲወጣ፣ በሕጋዊ ቪዛ ተሳፍረው በአየር ላይ ሳሉ ሕጉ የተለወጠባቸው መንገደኞች ነበሩ። በጁን 2025 የወጣው አዋጅ ደግሞ የ12 አገሮችን ዜጎች እንዳይገቡ ሲያግድ ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ስለሆነም ከወራት በፊት የተገኘ ምክር ትኬቱ በሚቈረጥበት ቀን እንደገና መጠየቅ አለበት።

የተርጓሚው ድንበር የት ላይ ነው? ተርጓሚ ጠበቃ አይደለም፤ «ይሂዱ» ወይም «ይቅሩ» ብሎ መምከርም ሥራው አይደለም። በአሜሪካ ያለ ፈቃድ የሕግ ምክር መስጠት በሕግ ያስጠይቃል። ነገር ግን «ተወው» የሚለውን «ዘገየ» ብሎ ማለስለስ፣ «ተጠይቋል» የሚለውን «ተፈቅዷል» ብሎ ማሳለፍ፣ ከተከለከለው ምክር ያልተናነሰ ጉዳት ያደርሳል። የሚያለቅስን ሰው ለማጽናናት ሲባል የተለሳለሰ ቃል፣ ያንኑ ሰው ከሚስቱና ከልጁ ለ10 ዓመት ሊለየው ይችላል። የተርጓሚው ግዴታ የቃሉን ክብደት ሳይቀንስ ማድረስ፣ አድማጩ መረዳቱን ማረጋገጥና ትኬቱ ሳይቈረጥ ወደ ጠበቃ እንዲሄድ ማሳሰብ ነው። ኀዘንተኛውን ማጽናናት ዘመድና ጎረቤት ይችሉበታል፤ እርሱ ቆሞ በሚሰማው ቋንቋ ሕጉን በትክክል ማሰማት ግን የሙያው ድርሻ ነው።