የመንገደኛ ምሳ፤ ከማርቆስ ምሳ ቤት እስከ አውሮፕላን ጣቢያው ባንኮኒ



ስለ ምግብ መናገር የሐኪም ወይም የባልትና ባለሙያ ድርሻ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት ስለ ምሳ የሚናገር ሰው አስቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ ሳይኖርበት አይቀርም። ሆኖም የዛሬው ርእስ የምሳውን ጣዕም ሳይሆን የምሳውን ጊዜ፣ ሙቀቱንና ምግቡ የሚበስልበትን የአየር ግፊት የሚመለከት ነው። በአንድ ጊዜ ደርሶ በአንድ ጊዜ የሚሄድን ሕዝብ መመገብ፣ ውሃን ከምንጭ እስከ ቧንቧ እንደ ማድረስ ሁሉ፣ ፍሰቱ የሚታወቅ፣ ማጠራቀሚያውም የሚለካ ሥራ ነውና።

በዓለም ታላላቅ የአውሮፕላን ጣቢያዎች የሚያልፍ መንገደኛ፣ ከአንዱ አውሮፕላን ወርዶ በሌላው እስኪሳፈር ባለችው አጭር ጊዜ፣ የእስያ ምግብ የሚሸጥበት ረዥም ባንኮኒ ሳያጋጥመው አይቀርም። ከመስተዋቱ ኋላ ነጭ ሩዝ፣ እንደ ፓስታ የረዘመ ኑድልስ፣ በስኳርና በኮምጣጤ የተለወሰ ዶሮ፣ ለብለብ የተደረገ ጎመን በየዕቃው ተደርድሮ እንፋሎት ያወጣል። መንገደኛው በጣቱ ያመለክታል፤ አስተናጋጇ በጭልፋ ታወጣለታለች፤ ከፍሎ፣ ሻንጣውን በእግሮቹ መካከል አስቀምጦ ይበላል። ቋንቋ አያስፈልገውም። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በቦሌ በኩል ወደ ጓንዡ ዕቃ ሊገዛ የሚሄድ ነጋዴ ከዚህ ባንኮኒ ፊት ሲቆም የመጀመሪያው ስሜቱ የእንግድነት ቢሆን አያስደንቅም። ሁለቱ ቀጫጭን እንጨቶች ለጉርሻ አይመቹም፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የሚበላው ብቻውን ነው፤ አጠገቡ ያለውን ሰው «እንብላ» ቢለው የሚረዳው የለም።

ይሁን እንጂ ይህ ሰው የባንኮኒውን አሠራር ገና ከአገሩ ሳይወጣ ያውቀዋል። ያወቀውም በማርቆስ አውቶቡስ መናኸሪያ አካባቢ ባሉት ምሳ ቤቶች ነው።

አስቀድሞ ስለ ባንኮኒው ጥቂት እንበል። ይህን የምግብ አቀራረብ በአሜሪካ ካስፋፉት ድርጅቶች አንዱ ፓንዳ ኤክስፕረስ የሚባለው ነው። በቻይና ያንግዡ የተወለዱትና በአሜሪካ ሒሳብ የተማሩት አንድሩ ቸርንግ፣ የወጥ ቤት ባለሙያ ከነበሩት አባታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 በካሊፎርኒያ ፓሳዴና ከተማ ፓንዳ ኢን የተባለ ምግብ ቤት ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ በግሌንዴል የገበያ አዳራሽ ውስጥ የመጀመሪያው የፓንዳ ኤክስፕረስ ባንኮኒ ሥራ ጀመረ። ለዚህ ጉባኤ ይበልጥ ደስ የሚያሰኘው፣ ባለቤታቸው ፔጊ ቸርንግ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የዶክተርነት ማዕርግ ያላቸውና ቀድሞ በማክዶኔል ዳግላስ የአውሮፕላን ኩባንያ ይሠሩ የነበሩ መሆናቸው ነው። ወደ ድርጅቱ ሲገቡ ኮምፒዩተር ይዘው ገቡ፤ ምን ያህል እንደ ተሸጠና ምን ያህል እንደ ቀረ በቁጥር ይያዝ ጀመር። (እ.ኤ.አ. 1973 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር የጀመረበት ዓመት ጭምር መሆኑ በአጋጣሚ የሚነሣ ነገር ነው።)

የባንኮኒው ምሥጢር ዘገምተኛውን ሥራ ከፈጣኑ መለየት ነው። መክተፍ፣ መዘፍዘፍ፣ ሩዝ መቀቀል ሰው ሳይመጣ ይፈጸማል። ጎድጓዳው ብረት ምጣድ በኃይለኛ እሳት ላይ በጥቂት ደቂቃ የሚሠራው የመጨረሻውን ሥራ ብቻ ነው። የተሠራውም በሙቅ ውሃ ገንዳ ላይ በተጣዱ ዕቃዎች ሆኖ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ዕቃው ሲጎድል በትንሽ በትንሹ ይተካል። ስለዚህ ፈጣን ምግብ የሚባለው ፈጥኖ የተሠራ ምግብ ሳይሆን አስቀድሞ የተሠራ ምግብ ነው።

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ጎሕ ሲቀድ ከአዲስ አበባ የተነሣ አውቶቡስ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ የተመረቀውን 303 ሜትር ርዝመት ያለውን የአባይ ድልድይ ተሻግሮ፣ ወደ ደጀን አቀበቱን ወጥቶ ማርቆስ ሲገባ ለምሳ ሰዓት ይቃረባል። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ሠላሳ ደቂቃ!» ሲል፣ ጆሮው በቁልቁለቱና በአቀበቱ የተደፈነበት፣ እግሩ የደነዘዘ ስልሳ ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ከኋላው ሌላ አውቶቡስ፣ ከዚያም ሌላ ይከተላል።

ምሳ ቤቷ ይህን ሕዝብ እንዴት ትመግበዋለች? እንጀራው ሌሊት ወይም በዋዜማው ተጋግሮ በመሶብ ተከድኗል። ቀይ ወጡና አልጫው፣ ምስሩና ሽሮው ገና ከማለዳው በየድስቱ ደርሷል። ለቃሪያና ለቲማቲም የሚሆነው ተከትፏል፤ ለጥብሱ ሥጋው ተቆራርጧል። መንገደኛው እጁን ከበርሜሉ ቧንቧ ታጥቦ እስኪቀመጥ ድረስ የቀረው ሥራ መዘርጋትና መጨለፍ ብቻ ነው። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ማዘዙም ቀርቷል፤ በያይነቱ ራሱ ይመጣል። ጥብስ ያዘዘ ሰው ግን ከወንድሞቹ ትንሽ ዘግይቶ ይበላል፤ እርሱም በማርቆስ የብረት ምጣዱን የፈለገው መሆኑ ነው።

ከእስያው ባንኮኒ የሚለየው አንድ ነገር አለ። ማርቆስ ላይ ከዚያ ቀን በፊት የማይተዋወቁ አራት ሰዎች በአንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንዱ ወታደር፣ አንዷ ተማሪ፣ አንዱ ቄስ፣ አንዱ ከብት ነጋዴ ሊሆን ይችላል። በመሐንዲስ ዓይን ቢታይ፣ የሚታጠበው ዕቃ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ጠረጴዛው ይቆጠባል፤ የአስተናጋጇም እግር ያርፋል። በሰው ዓይን የሚታየውን ግን አባሎች ሁሉ ያውቁታል። በመጨረሻው ጉርሻ ላይ «አንተ ብላው»፣ «አንቺ ብይው» የሚለው ክርክር፣ የሾፌሩ ጥሩምባ ባይቆርጠው ኖሮ፣ ከምሳው ይረዝም ነበር።

ስለ ሙቀት ሲነሣ የአገሩ ከፍታ ይመጣል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2440 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አባይ ድልድይ ወርዶ ድስት የሚጥድ ሰው ውሃው በ96 ወይም በ97 ዲግሪ ሲፈላ ያገኘዋል። እንግዲህ አንድ አውቶቡስ በአንድ ማለዳ ሦስት የተለያዩ የመፍያ ነጥቦችን ያቋርጣል ማለት ነው። እሳት ቢበረታ ውሃው ፈጥኖ ይተን እንደሆነ እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለዚህ ድፍን ባቄላ ወይም ድፍን ሽምብራ በደጋ ሲቀቀል ከቆላው ይልቅ ብዙ ሰዓትና ብዙ እንጨት ይፈጃል። የደጋው ወጥ ቤት ግን ጥራጥሬውን ከክቶ፣ ቆልቶና ፈጭቶ ሽሮ አድርጎታል፤ በቆላ ጊዜ የብረት ምጣዱ ሙቀት ከ92 ዲግሪ እጅግ የላቀ ስለሆነ የውሃው ድካም ይካሳል፤ ሽሮው ከዚያ ወዲያ በደቂቃዎች ይበስላል። ይህን አስቦ የፈለሰፈው ሰው አለ ለማለት አይደለም፤ ውጤቱ ግን እንዲህ ነው። እንጀራም ቢሆን በሸክላ ምጣድ ላይ ስለሚጋገር የውሃው መፍያ ነጥብ ብዙም አያግደውም።

በባሕር ጠረፍ ላሉት ለጓንዡና ለሆንግ ኮንግ ወጥ ቤቶች የተለመደው ሩዝ ግን ደጋ ሲወጣ ይቸገራል። በቦሌም ቢሆን፣ ከፍታው ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ የሩዝ ማብሰያው በግፊት የሚሠራ ካልሆነ ፍሬው መሐሉ ጠጠር ይላል፤ ወይም ውጩ ሲላቁጥ ውስጡ ሳይበስል ይቀራል። በዚህ ረገድ እንግዳው መንገደኛው ሳይሆን ሩዙ ነው። በፎገራ ሜዳ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ያስተዋወቁት ሩዝ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ሲሆን፣ የእስያው እህል የአበሻውን ምጣድ ተቀበለ ማለት ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው የአውሮፕላኑ ጉዳይ ነው። በረዥም በረራ ላይ የሚገኝ አውሮፕላን ውስጡ በታመቀ አየር ይሞላል እንጂ የባሕር ወለሉን ግፊት አይይዝም። የሚፈቀደው ከፍተኛ የካቢን ከፍታ 8000 ጫማ፣ ማለትም 2438 ሜትር ነው። እንደ 787 ባሉት አዳዲስ አውሮፕላኖች ወደ 6000 ጫማ ዝቅ ብሏል። 2438 ሜትር ማለት ደግሞ፣ ለጥቂት ሜትር ካልሆነ፣ ደብረ ማርቆስ ማለት ነው። በውቅያኖስ ላይ የሚበርረው እንግሊዛዊም ሆነ ቻይናዊ፣ ምግቡ ጣዕም አጣብኝ፣ ሻዩ አልፈላልኝም ብሎ ሲያማርር፣ የማርቆሱ ነጋዴ በተወለደበት አየር ውስጥ ተቀምጦ ይበላል።

ከሩዝና ከእንጀራ ወደ ደኅንነታቸው እንለፍ፤ ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና። በሩዝ ላይ መፍላት የማይገድለው የባክቴሪያ ቅንጣት ይገኛል። የተቀቀለ ሩዝ ለብ ብሎ ብዙ ሰዓት ሲቆይ ይህ ባክቴሪያ ተራብቶ ሰውን የሚያስመልስ መርዝ ያመነጫል፤ ይህም በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቻይና ምግብ ቤቶች የተጠበሰ ሩዝ በበሉ ሰዎች ላይ ታይቶ ተመዘገበ። እንጀራ ግን በእርሾው ስለሚኮመጥጥ ለዚህ ዓይነቱ ባክቴሪያ አይመችም፤ ሻጋታ እስኪይዘው ድረስ ያለ ማቀዝቀዣ ጥቂት ቀናት ይቆያል። ሲደርቅ ደግሞ ድርቆሽ ይሆናል። ሞሞፉኩ አንዶ የተባሉት ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1958 ኑድልስን በዘይት ጠብሰው ውሃውን በማስወጣት፣ ሙቅ ውሃ ሲፈስበት በደቂቃ የሚለሰልስ ምግብ ሠርተው ለገበያ አቀረቡ። የጎጃም እናት እንጀራዋን በፀሐይ አድርቃ ስንቅ ስትቋጥር የምትሠራው ሥራ ከዚህ በመርሕ አይለይም። ወደ ጓንዡ በሚሄደው ነጋዴ ሻንጣ ውስጥ፣ ከበርበሬው አጠገብ፣ ድርቆሽ ቢገኝ ለጉምሩክ ሠራተኛ እንቆቅልሽ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለዚህ ጉባኤ አይሆንም።

እንጀራው ደኅና ነው፤ ወጡስ? በማርቆስ ምሳ ቤት ያለው እውነተኛ ጉድለት በወጡ ላይ ነው። ከማለዳው የደረሰው ድስት ከከሰሉ ወርዶ፣ አውቶቡሱ በመንገድ ሲዘገይ፣ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል። ሽሮና ክክ ወፍራም ስለሆኑ ከላይ ቀዝቅዘው መሐላቸው ለብ ማለቱን አይተዉም። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው፣ የበሰለ ምግብ እስኪበላ ከ60 ዲግሪ በላይ እንዲቆይ፣ ካልሆነም ከሁለት ሰዓት በላይ ያለ ማቀዝቀዣ እንዳይቀመጥ ነው። ምሳውን በልቶ ደብረ ማርቆስን ያለፈ ሰው ሆዱ ቢታመም የሚታመመው ቡሬ ወይም ዳንግላ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ምሳ ቤቷ ጥፋቷን በጭራሽ አትሰማም። የአውሮፕላን ጣቢያው ባንኮኒ ከማርቆስ የሚበልጠው በዚህች በአንዲት ነገር ብቻ ነው፤ እርሷም የሙቅ ውሃዋ ገንዳ ናት።

ገንዳዋን ለመሥራት ከውጭ አገር የሚመጣ ነገር ብዙ አይደለም። የማይዝግ ብረት ካልተገኘ በደንብ የተበየደ ላሜራ፣ ዙሪያውን የሚሸፍን ሙቀት መከላከያ፣ ከሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ መብራት ሲጠፋም የከሰል ምድጃ የሚገባበት ክፍት ቦታ ይበቃታል። የሚያስፈልጋት ኃይል አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከሚወስደው ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ዋት አይበልጥም። በማርቆስ ውሃ ከ92 ዲግሪ በላይ ባይሞቅም፣ ወጡን ከ60 ዲግሪ በላይ ለማቆየት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ውሃ ሙቀትን አጥብቆ የሚይዝ ስለሆነ፣ 50 ሊትር ውሃ ከ90 ወደ 65 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ 1.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ክዳኑ በደንብ ከተገጠመ የአንድ ምሳ ሰዓት የመብራት መጥፋት አይጎዳውም። ከሁሉም በላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ በጢስ መካከል ድስቱን ደጋግማ የምታሞቀው ሴት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ማሞቅ ትተወዋለች። ይህን ለመሥራት የብየዳ ሱቅና አንድ የሙቀት መለኪያ ያስፈልጋል፤ የጎደለው መለኪያው ነው።

ሌላው ችግር በብየዳ አይፈታም። ባንኮኒ የሚኖረው በፍሰት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የአባይ ማዶው መንገድ ደጋግሞ ተዘግቷል፤ ተከፍቶም ሰው እየፈራ የተጓዘባቸው ወራት ብዙ ናቸው። አውቶቡስ በቀረ ቀን ለስልሳ ሰው የተጋገረው እንጀራ ስልሳ ሰው አያገኝም። የቸርንግ ኮምፒዩተር የሚቆጥረው የትናንትናውን ሽያጭ ነው፤ ማርቆስ ላይ ግን ትናንት ስለ ነገ የሚናገረው ጥቂት ነው። ብልኋ የምሳ ቤት ባለቤት ስለዚህ በስልክ ትሠራለች፤ ደጀን ያለ ዘመድ ወይም የሚያውቃት ረዳት «ሁለት መኪና ወጥቷል» ሲላት ሁለተኛውን ድስት ትጥዳለች፤ ካልደወለ ትንሿን ብቻ ትጥዳለች።

አውቶቡሱ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም እንደ ቀድሞው ነው። ሠላሳው ደቂቃ ሲያልቅ ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፤ አንዱ ገንዘብ ሲመለስለት እጁን ሳይታጠብ ይሮጣል፤ አንዷ ለልጇ በላስቲክ የጠቀለለችውን ጉርሻ ይዛ ትሳፈራለች። ቤቱ ጸጥ ሲል ትሪዎቹ ይሰበሰባሉ፤ የተረፈው ወጥ ይመዘናል፤ ያልተነካው እንጀራ በመሶቡ ይከደንና፣ በማግስቱ ገና ሳይነጋ ከማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ለሚነሡት መንገደኞች ፍርፍር ይሆናል።