ስካር፦ ኃጢአት ወይስ ደዌ?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በሽንፋና በመተማ አካባቢ፣ የሰሊጥ አረምና አጨዳ በደረሰ ቁጥር አያሌ የጉልበት ሠራተኞች ከደጋ ይወርዳሉ። የአገሩ ሰው «ሳሉግ» ይላቸዋል። ሥራው አድካሚ፣ ሙቀቱ ብርቱ፣ ማደሪያውም ብዙ ጊዜ ዳስ ወይም ሜዳ ነው። ከእነርሱ አንዱ በአሸዋ ዝንብ ተነድፎ ካላዛር ቢይዘው ጓደኞቹ ወደ ሐኪም ቤት ያደርሱታል፤ «ለምን ሜዳ ላይ ተኛህ?» ብሎ የሚፈርድበት የለም። ሌላው ግን ድካሙንና ናፍቆቱን በአረቄ ማስታገስ ጀምሮ ውሎ ሲያድር ያለ አረቄ እጁ የሚንቀጠቀጥ ቢሆን «ሰካራም» ተብሎ ይገፋል። ሁለቱም ለእንጀራ የወረዱ የእናት ልጆች ሲሆኑ ፍርዱ የተለያየው አንደኛው በሽተኛ፣ ሁለተኛው ኃጢአተኛ ተብሎ ስለ ተቆጠረ ነው።

ይህ አቆጣጠር ከየት መጣ? መጽሐፍ ቅዱስ ወይንን አይኮንንም። በቃና ሰርግ ውኃው ወይን ሆኗል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። የተኮነነው ስካር ነው። ይኸው ሐዋርያ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 6 ላይ ሰካሮችን የእግዚአብሔርን መንግሥት ከማይወርሱት ጋር ይቆጥራቸዋል። ነገር ግን ብዙ ሰባኪ እዚህ ላይ ያቆማል። ሐዋርያው አላቆመም፤ ወዲያው ቀጥሎ ከአንባቢዎቹ አንዳንዶቹ እንዲህ እንደ ነበሩ፣ አሁን ግን እንደ ታጠቡ ይነግራቸዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የኮነነው ቃል ራሱ የመዳን ምስክር ነው።

የሕክምና ሊቃውንት በበኩላቸው ነገሩን በሌላ መንገድ ደርሰውበታል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1956 የአልኮል ሱስ በሽታ መሆኑን ተቀብሏል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው አንጎሉ ከአልኮሉ ጋር ተላምዶ ስለሚሠራ፣ መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ሚዛኑን ያጣል። የመጀመሪያው መለኪያ በፈቃድ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ በሺህ የሚቆጠረውን ግን ፈቃድ ብቻውን አያስጥልም።

ሁለቱ አስተያየቶች የግድ ይጣላሉን? የገዛ ቋንቋችን መልሱን ይዟል። «መድኃኒት» በግዕዝ መዳንን፣ ድኅነትን ያመለክታል፤ መድኃኔ ዓለም ማለትም የዓለም አዳኝ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ያው ቃል ሐኪም የሚሰጠው ፈውስ ሆኗል። ንስሐ ገብቶ ቀኖና መቀበልም እንደ ፈውስ ሲታሰብ የኖረ ሥርዓት እንጂ ቅጣት ብቻ አልነበረም።

በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ ከመጠጥ የሚላቀቁበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሰው ለነፍስ አባቱ ይናዘዛል፣ በግዝት ራሱን ያስራል፣ ጠበል ይገባል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ደግሞ ከመጠጥ ፈጽሞ መራቅ የተለመደ ሥርዓት ነው። ሁለቱም ለሰውየው ከብቸኝነት የሚያወጣ ጉባኤ ይሰጡታል። ሆኖም አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሱሱ የጸናበት ሰው በድንገት ሲያቋርጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ፣ ከዚያም በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ትኩሳትና ከባድ ቅዠት ሊያገኘው ይችላል፤ ያለ ሕክምናም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ይህን ሁሉ የክፉ መንፈስ ጩኸት ብቻ አድርጎ መቁጠር አደገኛ ነው። ሐኪሙ የሚሰጠው ማረጋጊያና ቲያሚን የተባለው ቪታሚን ከጠበሉ ጋር አይጣሉም።

እምነትና ሕክምና በአንድነት ሊሠሩ እንደሚችሉ ታሪክም ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1935 በኦሃዮ፣ አክረን ከተማ ቢል ዊልሰንና ሐኪሙ ሮበርት ስሚዝ የመሠረቱት የጠጪዎች መረዳጃ ማኅበር መነሻው የኦክስፎርድ ቡድን የተባለው የክርስቲያኖች እንቅስቃሴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 በመጽሐፍ የታተሙት አሥራ ሁለቱ ደረጃዎችም አቅም ማጣትን ማመንን፣ በደልን ለእግዚአብሔርና ለሌላ ሰው መናዘዝን፣ የበደሉትንም መካስን ያዛሉ። ሰውየው ደካማ ነው ማለት ከኃላፊነት ነፃ ነው ማለት አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ ይህ ለመሐንዲስ ምኑ ነው? በመንገድና በመስኖ ሥራ ካምፖች፣ ከቤተሰባቸው ርቀው የሚኖሩ ኦፕሬተሮችና የቀን ሠራተኞች በሙያ ባልደረቦች ሥር ያድራሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን በብሮድካስት ከልክሏል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነም እንዳይሸጥ አዟል። አዋጅ ግን ሱስ የያዘውን አይፈውስም። ድልድይ ሲሰነጠቅ አስቀድሞ ጭነቱ ይነሣል፣ ድጋፍ ይቆምለታል፤ ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ ይመረመራል። የሰከረ ሰው ከግሬደር መሪ ላይ ወዲያው መውረዱ ግዴታ ነው፤ የብዙዎች ሕይወት ነውና። ከመሪው ያወረደው አለቃ ግን በዚያው ከደመወዝ መዝገብ ቢሰርዘው ወደ አረቄው ቤት መልሶ መላኩ ነው። የሕክምና ፈቃድ ሰጥቶ፣ ሥራው እንደሚጠብቀው ነግሮ፣ ንጹሕ ውኃና ከሥራ በኋላ የሚዋልበት ሥፍራ በካምፑ ቢያዘጋጅ ግን ድጋፉን አቆመ ማለት ነው።

ኃጢአት ነው ለሚል ንስሐ አለው፤ ደዌ ነው ለሚል ሕክምና አለው። በሁለቱም ስም መተው ግን ለማንም አልተፈቀደም።