ከእምቦጩ በላይ ያለው ውሃ



እምቦጭ ጣና ሐይቅ ላይ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው። አበባው ሲያዩት ያምራል። ከሥሩ ያለው ውሃ ግን ብርሃን ያጣል፣ ኦክስጅን ያጣል። ዓሣው ይሸሻል።

የደንቢያ ገበሬ ዝም ብሎ አላየም። ውሃው ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ከጎንደርም ከባሕር ዳርም ወጣቶች ወርደው አብረውት ነቀሉ። አረሙ ግን ተመልሶ በቀለ።

ለምን? ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ደግሞም ቀላቢ አለው። በጨው ውሃ ገንዳ ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ አልጌውን ከመስታወቱ ቢፍቁትም ናይትሬትና ፎስፌት የሚባሉት ምግቦቹ ውሃው ውስጥ እስካሉ ድረስ ተመልሶ ይመጣል። እምቦጩንም የሚቀልበው ከላይ የሚወርደው ነው፤ ከደጋው ማሳ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ የወጣ ፍሳሽ።

የቀሃ ወንዝ ጎንደርን አቋርጦ ያልፋል። ለጥምቀት የአፄ ፋሲልን መዋኛ የሚሞላው የቀሃ ውሃ ነው። የአንገረብ ወንዝም አለ። ሁለቱም ወደ መገጭ ይወርዳሉ፣ መገጭም ወደ ጣና።

እናም ጣናን የማዳኑ ሥራ ጎርጎራ ዳርቻ ላይ ብቻ አይደለም፣ እዚህ ጎንደርም ነው። ዛሬ ጠዋት ቆሻሻ ይዞ ወደ ቀሃ የሚወርድ ሰው ካለ፣ መንገዱን ይቀይር፤ ወደ ቆሻሻ ገንዳው ይውሰደው። ማሳው ተዳፋት ላይ ያለ የደጋ ገበሬም እርከኑን ክረምቱ ሳይገባ ይጠግን።