የአይሮፕላን ማረፊያና የመንደር ተማሪ ቤት
(ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



አንድ ታላቅ የአገር ሥራ በአንዲት ትንሽ መንደር ላይ ሲያርፍ፣ የሥራው ትልቅነት በሚሊዮንና በቢሊዮን እየተቆጠረ ይነገራል፤ የመንደሪቱ ዕድል ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። የዚህ ንግግር ዓላማ ያንን በአጭሩ የሚታለፈውን ጉዳይ ከመምህር ወንበር ላይ ሆኖ መመልከት ነው። ለምሳሌም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቢሾፍቱ አጠገብ የሚገኘው አቡሴራ ተመርጧል።

እንደሚታወቀው፣ የአዲስ አበባ አይሮፕላኖች ቀድሞ ያርፉ የነበሩት በልደታ ሜዳ ነበር። ጄት አይሮፕላን በመጣ ጊዜ ያ ሜዳ ስላልበቃ፣ ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ቦሌ ተዛወረ። ቦሌም ያን ጊዜ ከከተማው ዳር የሚገኝ የገጠር መሬት ነበር፤ ዛሬ ግን ከተማው ማረፊያውን በየአቅጣጫው ከቦታል። የመንገደኞች ማስተናገጃው በ2011 ዓ.ም. በዓመት 22 ሚሊዮን ሰው እንዲቀበል ሆኖ ቢሰፋም፣ ለነገው የሚበቃ አልሆነም። ከዚህም በላይ ቦሌ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ውስጥ ክንፍ የማንሣት፣ ሞተርም የመግፋት ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ አይሮፕላን ረዥም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ አለዚያም ጭነቱን ማጉደል ይኖርበታል። የቢሾፍቱ አካባቢ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ማለቱ ለመመረጡ አንዱ ምክንያት ሆኗል። የአዲሱ ማረፊያ ግንባታ በጥር ወር 2018 ዓ.ም. በይፋ ተጀመረ። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደሚሆን፣ 4 መንደርደሪያዎች እንደሚኖሩትና በመጨረሻው ደረጃ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኞችን እንደሚያስተናግድ ታቅዷል።

ነገር ግን ይህ ምድር ባዶ ሜዳ አልነበረም። የአዳ ጤፍ ስሙ በገበያ የታወቀ ነው፤ ቁንጮ የተባለው ምርጥ የጤፍ ዘርም በ1998 ዓ.ም. የወጣው እዚያው በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማእከል ነው። የአዳ ገበሬ ጤፉን በክረምቱ ማኻል ይዘራል፤ ሽምብራና ምስሩን ደግሞ ዝናሙ ሲያባራ በጥቁሩ አፈር ውስጥ በቀረው እርጥበት ያበቅላል። ይህ መጽሐፍ ያልተጻፈለት ትልቅ ዕውቀት ነው። ዕውቀቱ ግን ከአፈሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ገበሬው ከመሬቱ ሲነሣ ቤት ሊሠራለት፣ ገንዘብም ሊቆጠርለት ይችላል እንጂ ሙያውን የሚተካለት ካሳ የለም።

በዚህ ነገር ላይ አንድ ሒሳብ ማስተዋል ይገባል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161፣ ለዘለቄታው ከይዞታው ለሚነሣና ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ለማያገኝ ገበሬ፣ ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ ያገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ደንግጓል። በሌላ በኩል አንድ ልጅ ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለመማር 12 ዓመት፣ ከዚያም በኋላ ሙያ ለመያዝ 3 ወይም 4 ዓመት ያስፈልገዋል። እንግዲህ የካሳው ዘመንና የአንድ ልጅ የትምህርት ዘመን የሚተካከሉ ናቸው ማለት ነው። ገንዘቡ በሚያልቅበት ዓመት ልጁ ባለሙያ ሆኖ ከተገኘ፣ ቤተሰቡ መሬት ለቆ ሙያ አገኘ ይባላል፤ ልጁ ከመንገድ ከቀረ ግን መሬቱም ገንዘቡም አብረው ጠፉ። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ መንደር ከሚወጣው ዕቅድ ሁሉ ዋነኛው የተማሪ ቤቱ ዕቅድ ነው።

ይህም ዕቅድ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል።

መጀመሪያ፣ ሕዝቡ ከመዛወሩ በፊት ተማሪ ቤቱ መቅደም አለበት። የዝውውር ቀን የሚቆረጠው በመሐንዲስ ሰሌዳ ነው፤ የትምህርት ዓመት ግን ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው። በመጋቢት የተነሣ ልጅ የሚቀበለው ክፍልና የሚያስተምረው መምህር ካላገኘ፣ በተለይም የ6ኛ፣ የ8ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቀው ከሆነ፣ ዓመቱ ባክኖ ይቀራል። የውጤት መዝገቡም ከዕቃ ጋር ተጭኖ እንዳይጠፋ በጥንቃቄ መያዝ ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ የተማሪ ቤቱ ቦታ ከአይሮፕላን መውጫና መግቢያ መሥመር የራቀ መሆን አለበት። በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ አሮጌው ማረፊያ ተዘግቶ አዲሱ በተከፈተ ጊዜ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም.፣ ተመራማሪዎች በሁለቱም አካባቢ የሚኖሩትን ልጆች ከለውጡ በፊትና በኋላ መርምረዋል። በአዲሱ ማረፊያ አጠገብ የነበሩት በንባብና በማስታወስ ችሎታቸው ሲጎዱ፣ በአሮጌው አጠገብ የነበሩት ጩኸቱ ከቀረላቸው በኋላ ተሻሻሉ። ተማሪ ቤት ከተሠራ በኋላ ማንሣት አስቸጋሪ ነው፤ ቦታ በሚመረጥበት ቀን አንድ የትምህርት ሰው በስብሰባው መገኘት ግን ቀላል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ለማረፊያው ጎረቤት መሆን ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ሥራው የሚሰጠው ለቀረበ ሳይሆን ለቻለ ነው። ልጆች አይሮፕላን ሲያዩ ሁሉም አብራሪ መሆን ይመኛሉ፤ ምኞቱም አይነቀፍም። ይሁን እንጂ አንድ ታላቅ ማረፊያ የሚቆመው በኤሌትሪክ ሠራተኛ፣ በቧንቧ ሠራተኛ፣ በጥገና ባለሙያ፣ በማቀዝቀዣ ጠባቂ፣ በምግብ አዘጋጅ፣ በጭነት መዝጋቢና በሹፌር ጭምር ነው። ለእነዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ ገና ከታች ክፍሎች ጀምሮ በሚገባ ካልተጣለ፣ በኋላ በጥቂት ወራት ሥልጠና አይሞላም። አሠልጣኝ ተቋማትም ይህንን አስበው መምህራንን ሊያዘጋጁ ይገባል።

ከዚህ ጋር የወላጆችን ዕውቀት መናቅ አይገባም። ጤፍና ሽምብራ እንዴት ይዘሩ እንደነበር ልጆች ከአባቶቻቸውና ከእናቶቻቸው ጠይቀው እንዲጽፉ ቢደረግ፣ ጽሑፍም ይማራሉ፤ ወላጁም በአዲሱ መንደር ክብሩን አያጣም።

የማረፊያው መንደርደሪያ በጥቂት ዓመታት ይጠናቀቅ ይሆናል። በዚያው ዓመት 1ኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ግን 12ኛን ሲጨርስ ገና ብዙ ዘመን ይቀረዋል። የመንደሪቱ ልማት የሚመዘነውም ያ ልጅ በደረሰበት ስፍራ ነውና፣ መምህሩ ሥራውን ከመሐንዲሱ ቀድሞ ይጀምር፤ ከመሐንዲሱም በኋላ ይቀጥል።