ባለሐቋ ያልተጠየቀችበት እርቅ
(በሥራ ቦታ ጥቃት ስለሚደርስባቸው ወገኖች መብት በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን በብዙ ቤት በር ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚወራ ነው። በሥራ ላይ እያለ የተደበደበ፣ በአለቃዋ የተተነኮሰች ወይም የተደፈረች ሰው በሕግ ምን መብት አላት? ጥቃቱ ከደረሰ በኋላስ ቤተሰብ፣ ጎረቤትና ሽማግሌ ምን ማድረግ ይገባዋል?

እኛ በላስታ ደጋ የምንኖር ሰዎች ኑሯችን እንዴት እንደተያያዘ እናውቃለን። ላሊበላ የእንግዳ ከተማ ናት። ከአለት የተፈለፈሉት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ የሆቴሉና የማረፊያው ሥራ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ሲያበላ ኖሯል። አንዱ ሾፌር ነው፣ ሌላው ባለሱቅ፣ ሌላዋ ምግብ አብሳይ። ከኩልመስክ፣ ከብልባላ፣ ከሹምሸሃ ልጃገረዶች አልጋ ለማንጠፍ፣ ለማስተናገድ፣ በሰው ቤት ለመሥራት ወደ ከተማው ይመጣሉ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት እንግዳው ሸሸ። ሥራ እንዲህ ሲጠፋ ያገኘ ሰው ያገኘውን ላለማጣት ብዙ ነገር ይታገሣል። በዳይም ይህን ያውቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ዘመዳችን ልጅ በአንድ ማረፊያ ቤት አልጋ አንጣፊ ሆና ተቀጠረች። አለቃዋ ክፍል በምታጸዳበት ሰዓት እየተከተለ ይገባባት ጀመር። አንድ ቀን በሩን ዘግቶ ሊይዛት ሲል ታግላ አመለጠች። ሻሿ ተቀዶ፣ ጫማዋን ጥላ ቤቷ ደረሰች። መጀመሪያ የሰማችው ጥያቄ «ማን አየሽ?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «በይ ዝም በይ፤ ነገ የምታገቢ ልጅ ነሽ» የሚል ምክር ነበር። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች መጡ። ሰውየው ስኳርና ቡና ይዞ ቀረበ፤ ለአባትየው ጥቂት ገንዘብ ሰጠ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ሁሉም አሚን ብሎ ተነሣ። ልጅቱ ጓዳ ሆና ቡና ታፈላ ነበር። በማግስቱ ሰውየው ሥራው ላይ ነበር፤ እሷ ግን ቤት ቀረች። ያልተከፈላትን የወር ደመወዝ እንኳ የጠየቀላት አልነበረም።

ውድ አድማጮቻችን፣ እነዚያ ሽማግሌዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ነገር እንዲበርድ፣ ደም እንዳይቃባ አስበው ነው። በወሎ ምድር ሽምግልና ስንቱን ቂም አጥፍቷል። ዲናችንም ቢሆን እርቅን ይወዳል። ሆኖም እርቅ ሐራሙን ሐላል፣ ሐላሉን ሐራም የሚያደርግ እንዳይሆን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወሰን አበጅተውለታል። ዑለሞቻችንም የሰው ሐቅ ባለቤቱ ይቅር ካላለ በቀር በሌላ ሰው ምሕረት እንደማይወርድ ያስተምሩናል። እንግዲያውስ እንጠይቅ፤ በዚያ እርቅ ላይ ባለሐቋ ማን ነበረች? የተበደለችው እሷ ሆና ይቅር ያለው አባቷ፣ የታረቀው ሽማግሌው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ወሲባዊ ትንኮሳንና ወሲባዊ ጥቃትን ለይቶ ተርጉሟል። አንድን ሰው ያለ ፈቃዱ በቃልም፣ በምልክትም ሆነ በሌላ መንገድ ለወሲብ መገፋፋት ትንኮሳ ነው፤ ኃይል ወይም የኃይል ሙከራ ሲታከልበት ጥቃት ይሆናል። ሁለቱም በሥራ ቦታ ክልክል ናቸው። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ይህን ከፈጸመባት ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች። ከሥራ ስንብት ክፍያዋ በላይ የዘጠና ቀን ደመወዝ ካሣ ይገባታል። የቀን ደመወዟ 100 ብር ከሆነ ካሣው ብቻ 9,000 ብር ነው ማለት ነው። ጥቃቱን የፈጸመው የሥራ ባልደረባ ቢሆንም፣ አሠሪው ተነግሮት በወቅቱ እርምጃ ካልወሰደ የስንብት ክፍያ መጠየቅ ይቻላል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በዚህ ምክንያት ሥራ የመልቀቅ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ በኋላ በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ያልፋል። «እስቲ ሽማግሌ ይምጣ፣ እስቲ ገበያ ይዋል» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ የሚቆረጠው ከእሷ መብት ነው።

የወንጀሉ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አስገድዶ መድፈርን ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ተበዳይዋ በአጥፊው ቁጥጥር ሥር ያለች ወይም የእሱ ጥገኛ ከሆነች ቅጣቱ እስከ ሃያ ዓመት ይደርሳል። ይህ ክስ የግል አቤቱታ የሚጠብቅ ስላልሆነ በአባትና በሽማግሌ ስምምነት አይዘጋም፤ የዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ነው። ኃይል ሳይጠቀም በአሠሪነቱ ወይም በሴቲቱ ችግር ተጠቅሞ ለፈቃዱ ያዋላትም ሰው ወንጀለኛ ነው። በዚህኛው ግን ተበዳይዋ ራሷ ማመልከት አለባት፤ የአቤቱታው ጊዜም ድርጊቱንና አድራጊውን ካወቀች ጀምሮ ሦስት ወር ነው።

«ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንውሰደው» የሚሉ ወገኖችም አሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ለሃይማኖት ፍርድ ቤቶች የከፈተው በር የግልና የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ እሱም በሁለቱ ወገኖች ፈቃድ። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ውርስ፣ ወቅፍና የመሳሰለው ወደዚያ ይሄዳል። ድብደባና መድፈር ግን የፖሊስና የመደበኛው ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው።

ጥቃት የሚደርሰው በሴቶች ላይ ብቻ አይደለም። አንድ ጎረቤታችን የመጋዘን ዘበኛ ነበር። ሌሊት ሌቦች መጥተው በዱላ ክንዱን ሰበሩት። ባለንብረቱ «አላህ ያሽርህ» ብሎ የፋሻ ገንዘብ ሰጠውና ሌላ ዘበኛ ቀጠረ። ሕጉ ግን ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ በአሠሪው ወይም በሦስተኛ ወገን ድርጊት የሚደርስበትን ጉዳት በሥራ ላይ እንደደረሰ አደጋ ይቆጥረዋል። አሠሪው ባያጠፋም የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል። ሠራተኛው መሥራት እስኪችል፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ሐቁ ነው።

አሁን ደግሞ ወደየቤታችን እንመለስ። ሠራተኛ የምንቀጥር ሰዎች ቤታችን ለዚያች ልጅ የሥራ ቦታዋ ነው። «እንደ ልጄ ነው የማያት» ማለት ደስ ይላል፤ ግን የምትተኛበት ክፍል ከውስጥ የሚዘጋ ቁልፍ አለው? እንግዳ ወይም ጎረምሳ በሚያድርበት ሌሊት የት ነው የምትተኛው? ክፉ ነገር ቢደርስባት ለማን ትናገራለች? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሚያገለግሉንን ሰዎች ወንድሞቻችን አድርገው ነው የነገሩን፤ ከምንበላው እንድናበላቸው፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳንጭናቸው አዘዋል። ልጅቱ ክርስቲያንም ትሁን ሙስሊም አማናነቷ ያው ነው።

የቤት ሠራተኛ በሕግ በኩልም ወገን አጥታለች። የ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377 ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ከሽፋኑ አውጥቶ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣለታል አለ። አሥራ አምስት ዓመት አለፈ፤ ደንቡ አልወጣምና በ2011ዱ አዋጅ ያው ቃል ተደገመ። የአልጋ አንጣፊዋ የዘጠና ቀን ካሣ ለእሷ አልተጻፈም፤ የቀራት የወንጀል ሕጉና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የምንመርጣቸው የምክር ቤት አባላት ድምፅ ፍለጋ ሲመጡ መንገድና ውሃ እንጠይቃቸዋለን፤ የቤት ሠራተኛዋንም መብት አብረን ብንጠይቅ ምን አለበት?

ነገርን በጓዳ መጨረስ የእኛ አገር ብቻ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ብዙ ድርጅቶች ሠራተኛውን ሲቀጥሩ «ጠብ ቢነሣ ፍርድ ቤት አልሄድም፤ በግልግል ዳኛ እዳኛለሁ» የሚል ቃል ያስፈርሙ ነበር። በሥራ ቦታ የተደፈረችው ሴት በዚያ ፊርማ ምክንያት ዳኛ ፊት የመቆም መብቷን ታጣ ነበር። ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 በወጣ ሕግ፣ ወሲባዊ ጥቃትና ትንኮሳ ሲሆን ያ ፊርማ ተበዳይዋን እንዳያስር ተደረገ። ግልግሉ አልተከለከለም፤ ምርጫው ለእሷ ተመለሰ። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ጥቃት ሲደርስ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ልጅቱን እንመናት፤ «ማን አየሽ?» አንበላት። ተደፍራ ከሆነ ሳትታጠብ፣ ልብሷም ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ትሂድ። የኤች.አይ.ቪ. መከላከያው መድኃኒት የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ ማደር ያስፈራል። ከዚያ ለፖሊስ ታመልክት፤ የሕክምና ማስረጃዋም ይያዝላት። ለአሠሪው የሚነገረው ነገር በጽሑፍ ይሁን፤ ቀኑ ይጻፍበት፤ ቅጂው ቤት ይቅር። መንገድ ተዘግቶ ወይም ጽሕፈት ቤቱ ሥራ አቁሞ ከሆነ የሆነውን ሁሉ ከነቀኑ፣ ካዩና ከሰሙ ሰዎች ስም ጋር ጽፎ ማስቀመጥ ኋላ ይጠቅማል።

ለሽማግሌዎቻችንና ለዑለሞቻችን ያለን አደራ ከዚህ ይቀጥላል። ለእርቅ ስትጠሩ በመጀመሪያ ልጅቱን ስሟት፤ ከእናቷ ወይም ከምታምናት ሴት ጋር ሆና፣ በዳይዋ በሌለበት። ሐኪም ዘንድ ሄዳለች ወይ? ለፖሊስ አመልክታለች ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህ ሳይሆኑ ዱዓ ለማድረግ እጃችሁን አታንሡ። በእናንተ ምርቃት ተሸፍኖ ሥራው ላይ የሚመለሰው ሰው ነገ የሌላዋን ልጅ በር ይዘጋል።

አላህ (ሱ.ወ.) በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ ከሚቆሙት ያድርገን። ለተበደሉት ሐቃቸውን ያውጣላቸው፤ ለላስታም ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።