የወተት ጥርስና የቦምብ አቧራ
በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ባለፈው ወር የቁጠባ ቀን አንዲት እናታችን የጦርነት ዜና ሰምተው፣ «ይኼ ኑክሌር የሚሉት ቦምብ ሩቅ አገር ቢፈነዳ እኛ ጋ ይደርሳል ወይ?» ብለው ጠይቀው ነበር። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የፊዚክስ ሰው አይደለሁም። ያነበብኩትን ግን ላካፍላችሁ።

ቦምቡ መሬት አጠገብ ሲፈነዳ አፈሩን አቅልጦ ወደ ላይ ይስበዋል። ከባዱ አቧራ በሰዓታት ውስጥ ነፋስ ወደወሰደው ይወርዳል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1954 በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ቢኪኒ በተባለ ስፍራ 15 ሜጋቶን ቦምብ አፈነዳች። 150 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሮንጌላፕ ደሴት ላይ ነጭ አመድ ዘነበ፤ ልጆች ተጫወቱበት። ነዋሪዎቹ የወጡት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ያኔ ከ10 ዓመት በታች ከነበሩት ልጆች አብዛኞቹ ከዓመታት በኋላ የታይሮይድ እጢ ሕመም ያዛቸው። በዚያ ቀን ሕፃን የነበረችው ሊጆን ኤክኒላንግ በ1995 ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ቀርባ፣ ሰባት ጊዜ እንዳስወረዳት መስክራለች።

ይህ የቅርቡ ነው። ደቃቁ አቧራ ግን ከደመና በላይ ወጥቶ ወራትና ዓመታት ከቆየ በኋላ ከዝናብ ጋር በዓለም ሁሉ ይወርዳል። ውስጡ ስትሮንቲየም 90 የሚባል ነገር አለ። ግማሹ እስኪጠፋ ብቻ 29 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ካልሲየም ስለሚመስል ሰውነታችን አይለየውም። ሣሩ ላይ ይወርዳል፣ ላሟ ትግጠዋለች፣ ወተት ሆኖ ልጁ ይጠጣዋል፣ አጥንቱና ጥርሱ ውስጥ ይቀመጣል። ሲበዛ የአጥንትና የደም ካንሰር ያመጣል ተብሎ ይፈራል።

የሕያው ልጅ አጥንት ተቆርጦ አይመረመርም። የወተት ጥርስ ግን በራሱ ይወልቃል። እኛ ጣሪያ ላይ እንወረውረዋለን። በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ ከተማ እናቶች ግን ከ1958 መጨረሻ ጀምሮ በፖስታ አሽገው ላኩት። ሥራውን የመሩት ሐኪሟ ሉዊዝ ራይስ ነበሩ። ከእያንዳንዱ ጥርስ ጋር አንድ ካርድ አለ፦ ልጁ መቼ ተወለደ፣ እናቱ ስታረግዝ የት ትኖር ነበር፣ ጡት ጠባ ወይስ የላም ወተት ጠጣ። በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ቁጭ ብለው መዘገቡ። (ደረሰኝ ጥላችሁ ለምትመጡት እህቶቼ ይድረስ!) ከ300,000 በላይ ጥርስ ተሰበሰበ።

በ1963 የተወለዱ ልጆች ጥርስ ውስጥ የተገኘው ስትሮንቲየም በ1950 ከተወለዱት 50 እጥፍ ያህል ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ ወደ ሰውነት የገባውን እንጂ የታመመውን አይቆጥርም፤ ገቢና ኪሳራ በአንድ ዓምድ አይጻፍም። የመጀመሪያው ውጤት በ1961 ሲታተም ግን ብዙ ወላጆችን አስደነገጠ። በኦገስት 1963 አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ብሪታንያ በአየር ላይ፣ በጠፈርና በውኃ ውስጥ እንዳይሞክሩ ተፈራረሙ። ጥርሱ ብቻውን አስፈረማቸው አልልም፤ ከስምምነቱ በኋላ በተወለዱ ልጆች ላይ ግን መጠኑ ወረደ።

እናቴ፣ ለጥያቄዎ መልሱ «ይደርሳል» ነው። የሙከራዎቹ ብናኝ ይበልጥ የወረደው እንደ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ባሉ አካባቢዎች ላይ ቢሆንም፣ ንፁህ ሆኖ የቀረ አገር የለም።

በ2001 ወደ 85,000 የሚጠጉ ጥርሶች ከነካርዳቸው በአንድ ዩኒቨርሲቲ መጋዘን ተገኝተዋል። ተመራማሪዎችም በካርዶቹ እየተመሩ የያኔዎቹን ልጆች ጤና መከታተል ጀምረዋል።